የጭድ ተራዋ ሾላ ምትክ

አብደላ «የለም» ሲል ሰምቻለሁ የሚል ሰው ጭድ ተራ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። ካገኛችሁም ውሸታም ነውና በዱላ አባሩልኝ። ሰውየው ፍራሽ ሻጭ ነው። ድሮ ጭድ እየጠቀጠቀ ይሰፋ ነበር፤ ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ስፖንጅ እየቆረጠ መሸጥ ጀመረ። ሱቁ ሁለት ወፍራም ሰዎች አብረው ከገቡ አንደኛው በጀርባ በር መውጣት የሚኖርበት ቆርቆሮ ነበር። ግን ፍራሽ ሻጭ ነው ብላችሁ ፍራሽ ብቻ ጠይቃችሁት ከሄዳችሁ አብደላን አላወቃችሁትም። ምስማር አለ? «አለ!» የሕፃን ጡጦስ? «አለ!» የበቅሎ ኮርቻ? «አለ እንጂ! ይቀመጡ፣ አረፍ ይበሉ!» ይልና በርጩማ ስቦ፣ እንግዳውን አስቀምጦ ሽው ይላል። ጎረቤት ይሄዳል፤ ጎረቤት ከሌለው የጎረቤት ጎረቤት ጋ ይሄዳል። ከዚያ ኮርቻውን ተሸክሞ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል።

ይሄ እንግዲህ የመርካቶ ደንብ ነው፤ አብደላ አልፈጠረውም። «የለም» የተባለ ደንበኛ ሁለተኛ ደጅህን አይረግጥም። ስለዚህ የሌለህን ከጎረቤት ታመጣለህ፣ ጎረቤትህም የጎደለውን ካንተ ይወስዳል፣ ኋላ ትተሳሰባላችሁ። ሌላው ነጋዴ ግን ሰው ነውና ሲደክመው፣ ወይ ዝናቡ ሲበረታ፣ «ወንድሜ የለም፣ ወደ ታች ጠይቅ» ብሎ ይገላገላል። ለአብደላ እንዲህ ማለት ሞቱ ነው። አንድ የጥምቀት ሰሞን ከገጠር የመጡ ቄስ ተራ ተሳስተው ሱቁ ገቡና የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ጠየቁት። እሱ የስልጤ ሙስሊም፣ ከኋላው የስፖንጅ ክምር! «አለ አባ፣ ይቀመጡ!» ብሎ በረረ። ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ፣ ዘርፉ የሚያብለጨልጭ ጃንጥላ ይዞ ሲመለስ ቄሱ መርቀውት ሄዱ።

ሚስቱን ሀስናንም ያገኘው በዚሁ አመሉ ነው። ሀስና ያን ጊዜ በርበሬ በረንዳ በርበሬ የምትቀነጥስ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ወንፊት ፈልጋ መጣች፤ «አለ!» አለና አመጣላት። በሌላ ቀን የሴት ነጠላ ጫማ ጠየቀችው፤ አመጣላት። ነገሩ ጨዋታ ሆነባት መሰለኝ፣ እየመጣች የማይገኝ ነገር ትጠይቀዋለች፤ የግመል ቃጭል፣ የሰርግ መጋረጃ። እሱ ይሮጣል፣ እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ዐይኗን ዐይኑ ላይ አድርጋ፣ «ነጋዴው፣ ባልስ አለ?» አለችው። «አለ! ቁጭ በይ!» ብሎ ወጣ። ነገሩ የገባው ጎረቤት ሊጠይቅ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሀስና ከሱቁ አንድም ነገር ጠይቃው አታውቅም፤ የምፈልገውን አግኝቻለሁ ትላለች።

ከሱቆቹ ጀርባ ሰፊ ግቢ ነበር። በግቢው መሀል አንዲት ሾላ ቆማለች። ማን እንደተከላት የሚያውቅ የለም። መርካቶ መርካቶ ከመባሉ በፊትም ነበረች የሚሉ አሉ፤ እኔ አልነበርኩም። ጭድ ጭነው የሚመጡ አህዮች ከሥሯ ያርፋሉ፣ ተሸካሚው ቀትር ላይ ያሸልብባታል፣ የተጣላ ነጋዴ ይታረቅባታል። አብደላ ራሱ በጎረምሳነቱ ከአገሩ ሲመጣ የመጀመሪያ ማደሪያው እሷ ነበረች፤ ጭድ አንጥፎ፣ ጭድ ለብሶ። ስለዚህ ሾላዋን ሰው ቢሰድብበት ይከፋው ነበር።

ዋናው ነገር ግን የሀስና ደረት ነው። ስንት ዘመን በርበሬ ስትቀነጥስና ስታበጥር ኖራ፣ በመጨረሻ ትንፋሿን በርበሬ በረንዳ ትታ መጣች። ሐኪሙ «ከአቧራና ከጭስ ራቂ» አላት። አይ ሐኪም! መርካቶ ለሚኖር ሰው ከአቧራ ራቅ ማለት ከራስህ ራቅ ማለት ነው። ደግነቱ ሾላዋ ነበረች። ከቀትር ሶላት በኋላ ሰሌኗን አንጥፋ ከሥሯ ስትቀመጥ፣ ያ ደረቷ ውስጥ የሚያፏጨው ነገር ቀስ በቀስ ዝም ይላል። አብደላ እጁ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጆሮው ጓሮ ነው። ሳሉ ሲበርድላት ይሰማና «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ታዲያ ትእዛዝ መጣ። ወይ በአክሲዮን ተደራጅታችሁ ፎቅ ሥሩ፣ ወይ ቦታውን ለሚሠራ ልቀቁ። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ያ ሁሉ እርስ በርሱ ደንበኛ ሲነጣጠቅ የኖረ ነጋዴ አንድ ላይ ተሰብስቦ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ሊቀመንበርነቱ ለጋሼ ዘውገ ደረሰ። ጋሼ ዘውገ ገመድና ጆንያ የሚነግዱ፣ ውሸት የማይሆንላቸው፣ ቀልድ ግን የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። የሕንጻው ንድፍ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሁሉም አንገቱን አስግጎ የራሱን ሱቅ ፈለገ። አብደላ ግን ሾላዋን ነው የፈለገው። ጣቱን እያስኬደ ቦታዋ ላይ ሲደርስ ደረጃ ተሥሎ አገኘ።

«ጋሼ ዘውገ፣ ሾላዋስ?» አለ።

«ምን ሆነች?»

«ደረጃው ያለው እሷ ላይ ነው እኮ።»

«እና አክሲዮን ገዝታለች እንዴ?» አሉ ጋሼ ዘውገ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አብደላም ሰው እንዳይታዘበው አብሮ ሳቀ።

አክሲዮን ባትገዛም ግን ጠበቃ አላጣችም ኖሯል። አገር በቀል ትልቅ ዛፍ ዝም ብሎ አይቆረጥም፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጥታ ሳታይ ማንም ምሳር እንዳያነሳ ተባለ። አብደላ ይህን ሲሰማ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እየሮጠ ሄዶ ለሀስና ነገራት። ሀስናም ነገር አላበዛችም።

«የምትመጣው ልጅ አንተን ከጠየቀችህ፣ አትቁረጧት ብለህ ንገርልኝ» አለችው።

«ወላሂ እነግርልሻለሁ!» አለ አብደላ።

የመጣችው ሰብለ ወንጌል የምትባል ወጣት ነበረች። ሸራ ጫማ አድርጋለች፣ ሜትር ይዛለች። የሾላዋን ግንድ ዙሪያውን ለካች፤ ከዚያ ሜትሩን ጠቅልላ፣ ቀና ብላ ቅርንጫፎቿን ብቻ ስታይ ቆየች። አብደላ ይህን አይቶ ልጅቷን ወደዳት። ፀሐይ እንዳይመታት በጀርባ በር ወደ ሱቁ አስገባት፤ ጋሼ ዘውገም ተከትለው ገቡ።

«ደንቡ እንዲህ ነው» አለች። «ዛፏ የምትቆረጠው ምትክ ካላችሁ ነው። ምትክ ማለት፣ ሌላ ቦታ መቶ ችግኝ ትተክላላችሁ። መትከላችሁን ስናይ ቁረጡ እንላችኋለን። ግን ሁለት ክረምት አልፎ ችግኞቹ መጽደቃቸውን ሳናይ ሕንጻችሁ አይከፈትም። መትከያ ቦታና የሚንከባከብ ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ዛፏ አትነካም።»

«ሕንጻውስ?» አሉ ጋሼ ዘውገ ደንገጥ ብለው።

«ሕንጻውማ ይሠራል። ደረጃውን ወደ ጎን ታዞሩታላችሁ። የሁላችሁም ሱቅ በመጠኑ ይጠባል፣ ዛፏ መሀል ግቢ ላይ ትቀራለች።»

አያችሁልኝ! ይህን ያህል ቀላል ነበር። ጋሼ ዘውገ ከመርካቶ ወጥተው አፈር የሚረግጡት ለመስቀል አገር ሲገቡ ብቻ ነው፤ ማኅበሩም መትከያ ይቅርና መቀበሪያ መሬት እንደሌለው ያውቃሉ። ጨዋ ሰው ናቸውና እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲያሟሹ፣ ልጅቷ ወደ አብደላ ዞረች። የቆመችው ባንኮኒው ፊት ለፊት ነው፤ ደንበኛ ሁልጊዜ የሚቆምባት ቦታ ላይ።

«ጋሽ አብደላ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ለዚች ዛፍ ምትክ የሚሆን አለ?»

«አለ!» አለ አብደላ። «አለ እንጂ! ይቀመጡ!»

በርጩማውንም ሳበላት።

ወይ ጉድ! ያለውን ነገር እሱ ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መንገድ የተመላለሰ ምላስ በየት በኩል ይዙር? የጋሼ ዘውገ ፊት በራ። ልጅቷ አብደላን ትኩር ብላ አይታው፣ አመስግና፣ በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ ወጣች። አብደላ ተከትሏት ሮጠ።

«እህቴ! እህቴ!»

«አቤት ጋሽ አብደላ?»

የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። አፉን ከፈተና፣ «ሻይ እንኳ ሳይጠጡ...» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ» ብላ ታክሲ ውስጥ ገባች።

ሲመለስ ሀስና ሰሌኗ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ግድግዳው ቆርቆሮ ነውና ሁሉንም ሰምታለች። ትጮህብኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቢጠብቅ እሷ አልጮኸችም። «አብደላ» አለችው ረጋ ብላ፣ «ከየትኛው ጎረቤት ልታመጣት ነው?» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። 

እንግዲህ አለ ካሉ ማቅረብ ነው። ማኅበሩ ሲጠይቅ ሲያስጠይቅ ከቡራዩ ማዶ አንድ አብዛኛው ገላጣ የሆነ ኮረብታ ላይ ቁራጭ ቦታ ተፈቀደለት። ሌሎች የመርካቶ ማኅበሮችም ምትካቸውን የሚተክሉት እዚያው ነበር። የተከላው ኃላፊ ደግሞ «አለ» ያለው ሰው ነውና አብደላ ሆነ። በክረምቱ አንድ እሑድ ነጋዴው ነጭ ካናቴራ ለብሶ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ጋሼ ዘውገ አካፋ ጨብጠው ፎቶ ተነሱና አካፋውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ችግኞቹ እያንዳንዳቸው አፈራቸውን ታቅፈው በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ቆመዋል። ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ ላስቲኩን ሊቀድ ሲል አብደላ ከሩቅ አየውና ጮኸበት።

«ተው! ተው! ላስቲኩን እንዳትቀደው!»

«ለምን?»

«ሰዎቹ ሲረከቡን አዲስ መሆኑን በምን ይወቁ?»

ማንም አልተከራከረውም። ምን ብሎ ይከራከረዋል? መርካቶ አዲስ ዕቃ የሚባለው ላስቲኩ ያልወለቀ ነው። ሶፋ ተገዝቶ ልጅ እስኪዳርበት ከነላስቲኩ ይቀመጡበታል። ፍራሽማ ላስቲኩ ከተቀደደ ያገለገለ ነው፤ ይህን ከአብደላ የበለጠ ማን ያውቃል? ሰውየው ከልቡ ነበር፤ ለሾላዋ ካሣ ከተባለ ጥሩው፣ አዲሱ፣ እንከን የሌለው ይሰጥ ብሎ ነው። ስለዚህ መቶውም ችግኝ ከነላስቲኩ በክብር ተቀበረ። የማኅበሩ ስም ያለበት ሰሌዳም ራስጌያቸው ላይ ቆመ።

በሳምንቱ ሾላዋ ተቆረጠች። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ከጥላዋ ሥር ሲያንኮራፋ የኖረው ሁሉ ቅርንጫፍ ሊጎትት መጣ። ሀስና አንድ ቅጠል እንኳ አላነሳችም። ሰሌኗን ጠቅልላ፣ ባዶውን ሰማይ ቀና ብላ አይታ፣ ቤት ገባች። አብደላ ሱቁን ዘግቶ ስፖንጁ መሀል ተቀምጦ አለቀሰ። ስፖንጅ ደግ ነው፣ ድምፅ አያወጣም።

ሕንጻው እስኪያልቅ ነጋዴው በየአቅጣጫው ተበተነ። አብደላ መሳለሚያ መንገድ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ተከራየ። እዚያ ሚኒባሱ ሁሉ ጭሱን ሱቅ ውስጥ እየተፋ ነው የሚያልፈው። ሀስና ባሰባት። ሰሌኗን የምታነጥፍበት ስታጣ ከኋላ በር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ደረቷ ሳያቋርጥ ያፏጫል። አብደላ ሊያጽናናት ይሞክራል።

«አይዞሽ ሀስና። አንድ ሰጥተን መቶ ነው የተተከለልን።»

«የት?»

«ቡራዩ ማዶ ነዋ!»

«እኔ የምተነፍሰው እዚህ» ትለዋለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

ይህን ስትል ቁጣ እንኳ የለባትም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ሕንጻው አልቆ መስታወቱ ሁሉ ገብቶለታል፤ የቀረው ሰብለ ወንጌል መጥታ ማየቷ ብቻ ነው። አብደላ ከእሷ ቀድሞ ኮረብታው ላይ ብቻውን ወጣ። ለሀስና አንድ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጬ አሳያታለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ሰሌዳው እንደቆመ ነው። ከሰሌዳው ሥር የቆመው ግን ጣት ጣት የሚያክል ደረቅ እንጨት ሆኗል። አንዱን ሲስበው ሳይታገለው ወጣ። ሥሩ መውጫ አጥቶ፣ ላስቲኩ ውስጥ እርስ በርሱ ተጠምጥሞ፣ ታንቆ ሞቷል። ሌላውን ሳበ፣ ሌላውንም ሳበ፤ ሁሉም ያው ነው። ላስቲኩ ግን ምንም አልሆነም፤ እንደ አዲስ ነበር።

«ተው! እንዳትቀደው!» ብሎ የጮኸው የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ መጣበት። «አንቺን ሾላ በገዛ አፌ ሁለቴ ገደልኩሽ» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ቢያንስ መቶ ዛፍ አለ እያለ ሲጽናና ነበር የኖረው፤ አሁን እሱም ሄደ። ሕንጻው ካልተከፈተ ደግሞ ሀስና መሳለሚያ ጭስ ውስጥ ልትቀር ነው፤ ያለ የሌለውን አክሲዮን ላይ ያፈሰሰው ጎረቤት ሁሉም እንደዚያው። ቀና ሲል ከእነሱ ቦታ ቀጥሎ ያለው ቁራጭ አረንጓዴ ሆኖ ታየው። ጥድ በጥድ! ሰሌዳውን ሄዶ አነበበ። የይሄይስ ሰፈር ማኅበር ነው። ይሄይስ ቆዳ የሚያከፋፍል የድሮ ወዳጁ ነው፤ ያን የበቅሎ ኮርቻ እንኳ ያዋሰው እሱ ነበር። አብደላ ልብሱን አራግፎ ወደ መርካቶ ወረደ።

«ይሄይስ» አለው ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «ደን አለህ?»

ይሄይስ ከቆዳው ክምር ቀና እንኳ አላለም። «አለ! ቁጭ በል» አለው።

«ለአንድ ቀን ነው የምፈልገው።»

«ውሰደው። የእኔን ሰሌዳ ነቅለህ ያንተን ታቆማለህ፤ ስትጨርስ እንደነበረ ትመልሳለህ። አደራ፣ ዕቃው እንዳይጎዳ።»

ሰብለ ወንጌል የመጣች ዕለት የአብደላ ማኅበር ሰሌዳ ጥዶቹ ራስጌ ላይ ተኮፍሶ ቆሞ ነበር። ልጅቷ በመሀላቸው እየተዘዋወረች አየች፣ ዳሰሰች፣ ቆጠረች። የሞቱትን እንጨቶች አብደላ ቀድሞ ነቅሏቸዋል።

«ጋሽ አብደላ፣ ሾላው የትኛው ነው?» አለችው።

ምላሱ ደንቧን ልታደርስ ተነስታ ነበር፤ ግን ኮረብታ ላይ ጎረቤት ሱቅ ከየት ይመጣል? «የተተከለው ጥድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ዛፍ ያው ዛፍ ነው ብለን...»

«እሱስ ደንቡም ዛፍ ነው የሚለው፤ ምን ዓይነት አይልም» አለችና ፈረመችለት።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለችው። «ያን ዕለት ሱቅዎ ውስጥ ስጠይቅዎት፣ የለም በሉኝ እያልኩ በልቤ ስለምን ነበር። አንድ ሰው የለም ቢለኝ ኖሮ አላስቆርጣትም ነበር።» አብደላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጫማው የጠበበው መስላት ትንሽ ቆማ ጠበቀችው።

በማግስቱ ሰሌዳውን መልሶ ይሄይስን ሊያመሰግን ሄደ።

«እኔን አታመስግን» አለው ይሄይስ። «የእኔ አይደለም።»

«እንዴት?»

«የእኔማ ያኔውኑ ነው የደረቀው፤ ከነላስቲኩ ነበር የተከልነው። ይሄን ከጎኔ ካለው ማኅበር ተዋስኩት፤ እሱም ከሌላ ተውሶ ነው ያቆየው።»

«ታዲያ የተከለው ማነው?»

«ማን ይተክለዋል? ራሱ የበቀለ ነው። እግዜር ሲተክል ላስቲክ አይጠቀምም» አለና ይሄይስ ሳቀ። «ስንት ሕንጻ አስከፍቷል መሰለህ!»

አብደላ መሳቅ አማረው፤ ከዚያ ሀስና ትዝ አለችውና ተወው።

ሕንጻው በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ጋሼ ዘውገ ሪባን ቆርጠው ንግግር አደረጉ። «ለልማት ብለን አንድ ዛፍ ሰጠን፤ መቶ ዛፍ ግን ለትውልድ ተካን!» ሲሉ ጭብጨባው መስታወቱን አርገበገበው። ምስኪን ሰውዬ፣ ያመኑትን ነው የተናገሩት። ሕንጻው መግቢያ ላይ ለጌጥ የተገዛ ረጅም የፕላስቲክ ዛፍ ቆሟል። ዕቃው ውድ ነው፤ ላስቲኩን የፈታለት ግን እስካሁን የለም።

ለአብደላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሱቅ ደረሰው። ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ መስታወት። በስተጀርባው ጓሮ የለውም፤ በስተጀርባው የሌላ ሰው ሱቅ ነው። አንድ ቀን ከቀትር ሶላት በኋላ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ስፖንጅ ሲቆርጥ፣ ከደረጃው በኩል ሳል ሰማ። አንድ ሰው ትንሽ ይወጣል፣ ቆሞ ያስላል፣ እንደገና ይወጣል። ደረጃው ያለው ሾላዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ነው። ሳሉ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ነጋዴው» አለ አንድ የደከመ ድምፅ፣ «ጥላ አለ?»

«አለ! ይቀመጡ!» አለ አብደላ፣ ዘወር ሲልም በርጩማውን እየሳበ ነው።

ሀስና ናት። የተጠቀለለ ሰሌኗን በብብቷ ይዛለች። ባል ከጠየቀችው ወዲህ ከሱቁ ምንም ጠይቃው አታውቅም። አሁን እንደዚያ ጊዜው ዐይኗን ዐይኑ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ትቀልድ አትቀልድ አይታወቅም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

አብደላ ወጣ። ምን ያድርግ፣ አለ ብሏላ! በኮሪደሩ ወደ ላይ ሄደ፤ መጋረጃ ነው፣ ብርድ ልብስ ነው። ወደ ታች ሄደ፤ ምንጣፍ ነው፣ የፕላስቲክ አበባ ነው። ጋሼ ዘውገ በራቸው ላይ ተቀምጠው አዩት። «አብደላ፣ ምን ፈልገህ ነው? ካለኝ ልስጥህ» አሉት። የፈለገውን ነገር መናገር አቃተው፤ እጃቸውን ጨብጦ ተመለሰ።

«የለም» አለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ።

ሀስና ቀና ብላ አየችው። «ምን አልክ?»

«የለም፣ ሀስና። የለም።»

ሀስና ከበርጩማው ተነስታ ሰሌኗን ሴራሚኩ ላይ ዘረጋች። ስትቀመጥ ሳሉ ያዛት፤ ለቀቅ እስኪያደርጋት ጠብቃ ጀርባዋን ስፖንጁ ላይ አስደገፈች።

«እጠብቃለሁ» አለችው። «ሰው ሁሉ እዚህ ሱቅ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ እኔንስ ምን ቸገረኝ? ሂድ፣ ጠይቀህ አምጣ።»

አብደላም እንደ ልማዱ ወጣ።